የዩኑስን ዱዓ በቀን ሺህ ጊዜ እላለሁ፤ ጭንቀቴ ግን አልለቀቀኝም

የጠበበው · ማክሰኞ፣ ሌሊት 8፡40

አሰላሙ ዓለይኩም። ማንነቴን አትጠይቁኝ። እዚህ የምጽፈው ስም ስለማይታወቅ ነው።

እንቅልፍ የሚባል ነገር ካጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አንድ ጓደኛዬ የነቢዩላህ ዩኑስን ዱዓ ያዝ አለኝ። ላ ኢላሃ ኢላ አንተ፣ ሱብሓነከ፣ ኢኒ ኩንቱ ሚነዝ-ዟሊሚን። በቀን ሺህ ጊዜ እላታለሁ። ቤት ስሆን በሙስበሓ (በዶቃ መቁጠሪያ)፣ ሱቅ ስሆን በስልክ መቁጠሪያ። ቲክቶክ ላይ ያየሁት ሰውዬ 40 ቀን ሳታቋርጥ ካልካት ያሰብከው ይሞላል ይላል። ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው። ምንም የለም። እንዲያውም ብሶብኛል።

ቁጥሩ ትክክል ነው? ወይስ ሌላ ለተውበትም (ለንስሐም) ለጭንቀትም የምትሆን ዱዓ አለች? የምታውቁ ንገሩኝ። እባካችሁ አትቀልዱብኝ።

የደሴ ልጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ወዓለይኩሙሰላም ወንድሜ። አላህ ያግራልህ። እዚህ ማንም አይቀልድብህም፤ የሚቀልድ ካለ እኔ አለሁ።

የቁጥሩን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። እኔ ሥራ አጥቼ 8 ወር ቤት በተቀመጥኩ ጊዜ እናቴ ያስያዘችኝ ሌላ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው ሲሏት እሰማ ነበር ያሉት የነቢዩ ባልደረባ አነስ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) መጽሐፍ ውስጥ አለች። አላሁመ ኢኒ አዑዙ ቢከ ሚነል-ሀሚ ወል-ሐዘን፣ ወል-ዐጅዚ ወል-ከሰል፣ ወል-ቡኽሊ ወል-ጁብን፣ ወደለዒ-ደይኒ ወገለበቲ-ሪጃል። ከሐሳብና ከሐዘን፣ አቅም ከማጣትና ከስንፍና፣ ከስስትና ከፍርሃት፣ ከዕዳ ክብደትና ከሰው ጉልበት ጠብቀኝ ነው።

ስምንት ነገር ናት። እናቴ ስታስረዳኝ ሁሉም የአንድ ሰውዬ ችግር ነው ትል ነበር። ሐሳብ የያዘው ሰው ይሰንፋል፣ የሰነፈ ይበደራል፣ የተበደረ ሰው አይቶ ይደበቃል።

ተማሪ_ነኝ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡02

ዱዓዋ ትክክለኛ ናት። ሱረቱል አንቢያእ 87 ላይ ናት። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም በምንም ጉዳይ በዚህች ዱዓ አላህን አይለምንም፣ ተቀባይነት ያገኘ ቢሆን እንጂ ተብሏል። 40 ቀን እና ሺህ ጊዜ የሚለው ግን እዚያ ሐዲስ ውስጥ የለም። ነቢዩላህ ዩኑስ (ዐ.ሰ) ዓሣው ሆድ ውስጥ ሙስበሓ አልያዙም።

ብዙ ማለት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በቀን 100 ጊዜ ኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና) እንደሚያደርጉ ተናግረዋል፤ የሐዲስ ሊቁ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። የምፈራው ቁጥሩን እንደ ሞባይል ካርድ እንዳትሞላው ነው። 40 ቀን ሞልቶ ያሰብከው ካልሆነስ? ያኔ ሸይጧን መጥቶ ዱዓ አይሠራም ይልሃል። የዚያ ሰውዬ ቪዲዮ ደግሞ ተመልካቹን አግኝቷል፤ የአንተ እምነት ጉዳዩ አይደለም።

አሁን ቃሏን ቀስ ብለህ እያት። ከአንተ በቀር አምላክ የለም። ጥራት ይገባህ። እኔ ከበዳዮች ነበርኩ። አለቀ። ልመናው የት አለ? አውጣኝ አላሉም። ዓሣውን አፉን አስከፍትልኝ አላሉም። የሌሊት ጨለማ፣ የባሕር ጨለማ፣ የሆድ ጨለማ ተደራርቦባቸው የተናገሩት ስለ ራሳቸው በደል ነው። ኢብኑ ተይሚያ ስለዚህች አንዲት ዱዓ ብቻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አላቸው። የተጠየቁትም ይኸው ነበር፤ ልመና የሌለባት ቃል እንዴት ጭንቀት ትገፋለች?

አባታችን አደምም ከጀነት ሲወጡ ረበና ዘለምና አንፉሰና ነው ያሉት። ሙሳም (ዐ.ሰ) ሰውዬውን በቡጢ መትተው ሲሞትባቸው ረቢ ኢኒ ዘለምቱ ነፍሲ አሉ። ሦስቱም ጋ ያው ቃል ነው፤ በደልኩ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በቀን ሺህ ጊዜ ከበዳዮች ነበርኩ ስትል ማንን ነው የበደልከው? እዚህ አትመልስልኝ። ለራስህ መልስ።

ዶሮ_ነጋዴ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ኡስታዝ፣ ኢስቲግፋር ሪዝቅ (ሲሳይ) ያመጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ እሱም ከቲክቶክ ነው?

ተማሪ_ነኝ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ኡስታዝ አይደለሁም፤ ስሜ ላይ እንዳለው ነው። እሱስ ከቁርአን ነው። ሱረቱ ኑሕ ከ10 እስከ 12 ያለውን አንብብ። ኑሕ (ዐ.ሰ) ለሕዝባቸው ጌታችሁን ምሕረት ለምኑ፣ ዝናብ ያወርድላችኋል፣ በገንዘብና በልጆች ይረዳችኋል፣ አትክልትና ወንዝ ያደርግላችኋል አሏቸው። ስለ ሐሰን አል-በስሪ የሚተረክ አለ። አንዱ ድርቅ ነው ብሎ መጣ፣ አንዱ ድህነት፣ አንዱ ልጅ አጣሁ፣ አንዱ አትክልቴ ደረቀ። ለአራቱም ኢስቲግፋር አድርጉ አሏቸው። አጠገባቸው የነበረ ሰው ለሁሉም አንድ መድኃኒት? ቢላቸው ከራሴ አልተናገርኩም ብለው እነዚያን አያዎች (የቁርአን አንቀጾች) አነበቡለት።

አንድ ግን ጠንቀቅ በል። ኢስቲግፋርን ላዘወተረ ከጭንቀት ሁሉ መውጫ ይደረግለታል የሚለውን የአቡ ዳዉድን ሐዲስ ብዙ ሰው ያጋራል። የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱ (የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት) ላይ ደካማ አለ ብለዋል። ትርጉሙ ከኑሕ ምዕራፍ ጋር ይሄዳል፤ ስትጠቅሰው ግን እንደ ቡኻሪ ጠንካራ አድርገህ አትጥቀሰው።

የጎረቤት_ልጅ · ማክሰኞ፣ ቀን 9፡45

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የማነበው ጓደኛዬ ሊንኩን ልኮልኝ ነው። ዮናስ እኛም ጋ አለ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን እንጾማለን። ሴት አያቴ ለከብቶቹም ሳር ትከለክል ነበር፤ የነነዌ ከብት ጾሟል ብላ። እናንተ ጋ የከተማው ሰዎችስ ምን ሆኑ?

ተማሪ_ነኝ · ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡50

እንኳን ደህና መጣህ። ሱረቱ ዩኑስ 98 ላይ አለልህ። ቅጣቱ ሊወርድባቸው ሲል አምነው የተረፉ፣ የዩኑስ ሕዝቦች ብቻ ናቸው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ መቶ ሺህ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ነበሩ ይላል። ነነዌ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ሞሱል አጠገብ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጧኢፍ ከተማ ላይ በድንጋይ ተደብድበው በወጡ ቀን ወይን ያመጣላቸው ዐዳስ የሚባል ክርስቲያን አገልጋይ የነነዌ ሰው ነበር። ከየት ነህ ብለውት ሲነግራቸው፣ የደጉ ሰው የዩኑስ ኢብኑ መታ አገር አሉት። ደንግጦ እሱን እንዴት ያውቁታል አላቸው። ወንድሜ ነው፣ እሱም ነቢይ ነበር፣ እኔም ነቢይ ነኝ አሉት።

አያትህን አላህ ይዘንላቸው።

የጠበበው · ረቡዕ፣ ሌሊት 9፡05

ተማሪ ነኝ፣ ጥያቄህ ቀኑን ሙሉ ስትከተለኝ ዋለች። እናገራለሁ።

ታላቅ እህት አለችኝ። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ኮምቦልቻ ቦታ ግዛልኝ ብላ አራት ዓመት ሙሉ ብር ስትልክልኝ ኖራለች። ደብተሩ በስሜ ነው። 385 ሺህ ብር ደርሶ ነበር።

እኔ መርካቶ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ነው የምሠራው። ጎናችን ቤቲንግ ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ የ50 ብር ትኬት ነበር የምቆርጠው። አንዴ 50 ብሩ 4 ሺህ ሆኖ መጣ። እሱ ነው ያበላሸኝ። ከዚያ በስልክ ሆነ። ስልክ ላይ ብር ብር አይመስልም፤ ቁጥር ነው የሚመስለው። ሲቀናኝ እጨምራለሁ፣ ስከስር ለማስመለስ እጨምራለሁ። የራሴ ሲያልቅ ከእሷ 5 ሺህ ወሰድኩ፣ ደሞዝ ሲደርስ እመልሳለሁ ብዬ። አሁን ደብተሩ ላይ 12 ሺህ ብር ነው ያለው። ሌላውን ውሃ በላው።

ይኼ ብቻ ቢሆን ምን አለ። ረመዷን ላይ ቦታው ተገዛ ወይ ስትለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ የሰው ቦታ ፎቶ አንስቼ ላኩላት። እልልታዋን በስልክ ሰማሁት። ፎቶውን ለማዳም ልጆች ሳይቀር አሳየቻቸው። አሁን ኮንትራቷ አልቆ ከሁለት ወር በኋላ ልትገባ ነው። ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው አጥሩን እንደሆነ ነግራኛለች።

ቤቲንጉን ከተውኩ 22 ቀኔ ነው። ዱዓዬ አላህ ብሩን ከሆነ ቦታ እንዲያመጣልኝና እሷ ሳታውቅ እንዲያልፍ ነው። እውነቱ ይኼ ነው።

ኡሙ_ሱመያ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡20

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ይኼኛውን እለቀዋለሁ።

እኔ ጅዳ ነኝ፣ ሰባት ዓመቴ። አንተ ዱዓ ስትቆጥር እሷ ምን እንደምትቆጥር ልንገርህ። ደሞዟ 1000 ሪያል ነው እንበል። ከሱ የስልክ ካርድ ይወጣል፣ የእናት መድኃኒት ይወጣል። ለዒድ ቀሚስ ለመግዛት አስባ፣ ዋጋውን ጠይቃ፣ ትመልሰዋለች። አጥሩ ይቅደም ብላ። ሌሊት 7 ሰዓት የእንግዳ ሰሃን አጥባ ትተኛለች፣ 11 ሰዓት ላይ ለልጆቹ ቁርስ ትነሳለች። እያንዳንዱ ብር ውስጥ እንቅልፏ አለ። እንቅልፍ አጣሁ ብለሃል አይደል? የሷን ነው የበላኸው።

ሰሒሕ ሙስሊም በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የሙፍሊሱን (የከሳሪውን) ሐዲስ ታውቀዋለህ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙፍሊስ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ገንዘብ የሌለው አሏቸው። የለም፣ ሰላትና ጾም ዘካም ይዞ መጥቶ፣ ግን ይህን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ ነው አሉ። ለዚህም ከመልካም ሥራው ይሰጠዋል፣ ለዚያም ይሰጠዋል፤ ሲያልቅበት የነሱ ወንጀል እሱ ላይ ይጫናል። እና በቀን ሺህ የምትላትን ዱዓ ለማን እያጠራቀምክላት እንደሆነ አስብበት።

የደሴ ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

እህቴ ቀስ በይ። ልጁ እየሰመጠ ነው።

ኡሙ_ሱመያ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡52

ብቻውን ቢሰምጥ ምን አለበት፣ እሷንም ይዟት እየወረደ ነው። ግን እሺ። ተናደድኩ። እኔም ወንድም አለኝ፣ ዛሬ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ላክ አልኩት። ሳቀብኝ። ገና አልላከም።

ነርሷ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ወንድሜ፣ ሌላውን ትቼ አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅህ። ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? መልሱ አዎ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ አቅራቢያህ ወዳለ ሆስፒታልም ሂድ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍና ምግብ ማጣት በዱዓ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ቁማርም ሱስ ነው፤ የሚታከሙት ሰዎች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል፣ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ የለምና። ሐኪም ጋ መሄድ የኢማን ጉድለት አይደለም። ሥራ ቦታዬ ሱጁድ ላይ የሚያለቅሱ ሰዎች መድኃኒትም ሲወስዱ አያለሁ።

የጠበበው · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ሐሳቡ አንድ ሁለቴ መጥቶ ሄዷል። አሁን የለም ወላሂ። ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ። አብሮኝ ነው የሚያድረው።

ጡረተኛው · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡15

ልጄ፣ ስምህን ሳይ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ምድር ጠበበችኝ ይላል የእኛ አገር ሰው። ቁርአንም ይህንኑ ቃል ብሏል። ሱረቱ ተውባ 118፣ ምድር ከስፋቷ ጋር ጠበበቻቸው፣ ነፍሶቻቸውም ጠበቡባቸው ይላል። ስለ ሦስት ሰዎች ነው። ከእብ ኢብኑ ማሊክ፣ ሂላል ኢብኑ ኡመያ፣ ሙራራ ኢብኑ ረቢዕ።

ተቡክ ዘመቻ ነው፣ በሂጅራ 9ኛው ዓመት። ከእብ ያን ጊዜ ገንዘብም ግመልም ነበራቸው። ነገ እዘጋጃለሁ፣ ነገ እዘጋጃለሁ ሲሉ ሠራዊቱ ሄደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎች እየማሉ ሰበብ አቀረቡ። ነቢዩም ላይ ላዩን ተቀብለው የውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ከእብ ተራቸው ሲደርስ ያሉት በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው ፊት ብቀመጥ ኖሮ በሰበብ እወጣ ነበር፣ አንደበት ተሰጥቶኛል። ዛሬ በውሸት ባስደስትዎ ግን አላህ ነገ ያስቆጣብኛል። ወላሂ ሰበብ አልነበረኝም።

እውነት ስለተናገሩ ወዲያው ቀለላቸው መሰለህ? ሃምሳ ሌሊት ማንም አላናገራቸውም። ገበያ ይወጣሉ፣ ሰላምታቸውን የሚመልስ የለም። የአጎታቸው ልጅ የአቡ ቀታዳ ግቢ አጥር ላይ ወጥተው ሰላም ቢሉ እሱም አልመለሰም። ከጓደኞቻቸው የሚወዱት እሱን ነበር። የገሳን ንጉሥ ይህን ሰምቶ ወደ እኛ ና፣ እናከብርሃለን ብሎ ደብዳቤ ላከ። ከእብ ይህም ፈተና ነው ብለው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። በሃምሳኛው ንጋት ሱብሒ ሰግደው ቤታቸው ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከሰልዕ ተራራ ላይ አንድ ሰው ከእብ ሆይ፣ አብሽር (ደስ ይበልህ)! ብሎ ጮኸ፤ ተውበታቸው ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ባሉበት ለሱጁድ ወደቁ። ብሥራቱን ላመጣው ሰው የለበሱትን ሁለት ልብስ አውልቀው ሰጡት። ሌላ አልነበራቸውም፤ ተውሰው ለብሰው ነው ወደ መስጊድ የሄዱት። ጦልሐ ከመሃል ተነስቶ ሮጦ ጨበጣቸው። ይህችን የጦልሐን ነገር እስከ መጨረሻው አልረሷትም።

ጭንቅ ሁለት ዓይነት ነው ልጄ። አንዱ የተደበቀ ሰው ጭንቅ ነው። ሌላው የተናገረና የሚጠብቅ ሰው ጭንቅ ነው። አንተ አንደኛው ውስጥ ነህ። ሁለተኛውም ይከብዳል፣ አልዋሽህም።

ሚዛን · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡40

ጋሼ፣ አላህ ይጠብቅዎት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ወንጀልን መሸፈን የታዘዘ አይደለም እንዴ? ኡመቴ ሁሉ ምሕረት ያገኛል፣ ወንጀሉን በአደባባይ የሚያወራ ሲቀር የሚል ሐዲስ አለ። አላህ ሰትሮት (ሸፍኖት) ያደረውን ነገር ለምን ጠርቶ ይነግራታል? ቀስ ብሎ ሠርቶ ቢተካስ?

ተማሪ_ነኝ · ረቡዕ፣ ምሽት 4፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢማም ነወዊ ሪያዱ ሷሊሒን በሚባለው ኪታባቸው ላይ የተውበትን መስፈርት ሲያስቀምጡ፣ በአንተና በአላህ መካከል ለሆነ ወንጀል ሦስት ነው፤ መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ (መብት) ካለበት አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን መመለስ ወይም አውፍ (ይቅር) ማስባል። ቡኻሪ ላይ ወንድሙን በክብሩ ወይም በሌላ ነገር የበደለ፣ ዲናርና ዲርሃም የማይኖርበት ቀን ሳይመጣ ዛሬውኑ ይላቀቅ የሚል አለ።

ሲትሩ (መሸፈኑ) ቁማሩ ላይ ነው። ስንት ሌሊት ተጫወትክ፣ የትኛው ቡድን አከሰረህ፣ እሱን መዘርዘር ግዴታ ነው ብዬ አልደፍርም። ያንን የሰፈርህን ኡስታዝ ጠይቅ። ብሩ ግን የእሷ ነው። ብሯ እንደሌለ ማወቅ ሐቋ ነው። ሁለት ወር ቀርቶታል፣ 373 ሺህ ብር በሁለት ወር ሠርቶ አይተካም። እስከዚያ ፎቶ ሲልክ በየቀኑ አዲስ ውሸት ነው። ሌባ ሰረቀኝ ካለ ደግሞ ሌላ ወንጀል ገዛ።

የጠበበው፣ አንድ ሰላት ልንገርህ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) የሰሙት ነው፤ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወንጀል የሠራ ሰው ውዱኡን (የሰላት ትጥበቱን) አሳምሮ፣ ቆሞ ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ አላህን ምሕረት ቢለምን ይማረዋል። ከሌሊቱ መጨረሻ ሲሶ ላይ ስገዳት፣ ያኔ ነቅተህ ነውና የምታድረው። ልዩ ሱራ የላትም። ሱጁድ ላይ በአማርኛ ተናገር፤ ብዙ ዑለማዎች ዐረብኛ ለማይችል በሱና (ግዴታ ባልሆነ) ሰላት ላይ ፈቅደዋል። የሚቸግርህ ከሆነ ሰላቱን ስትጨርስ አድርገው። ብሩን አምጣልኝ ከማለትህ በፊት ምን እንዳደረግክ ንገረው። እሱ ያውቀዋል፤ አንተ ግን ገና ከአፍህ አላወጣኸውም።

ተስፋም አትቁረጥ። መቶ ሰው የገደለው እንኳ ለተውበት ሲሄድ መንገድ ላይ ሞቶ ምሕረት አግኝቷል። አዝ-ዙመር 53ን ለራስህ አንብብ።

ዶሮ_ነጋዴ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

እኔ ሐዲስ አላውቅም፣ ብር አውቃለሁ። አፑን ስልክህ ላይ ካለ አጥፋው። ደሞዝህ በአንተ ደብተር አይግባ፤ ለዚያ ለጓደኛህ ይግባ። የቀረችውን 12 ሺህ ዛሬውኑ በእሷ ስም አስቀምጣት። የሚሸጥ ዕቃ ካለህ ሽጥ። በወረቀት ጻፍ፣ ይህን ያህል አለብኝ፣ በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ ብለህ ፈርም። ባዶ አፍ ይዘህ አትደውልላት። አሥር ዓመት ይፍጅ፣ ወረቀት ይኑር።

ተማሪ_ነኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡25

አላውቅም ይላል፣ የዕዳውን አያ ተናገረ እኮ። አል-በቀራ 282፣ ተበድራችሁ ጊዜ ስትወስኑ ጻፉት ነው የሚለው። ቡኻሪ ላይም የሰው ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደ አላህ ይከፍልለታል የሚል አለ።

የዕዳም ዱዓ አለች። ራሱን ለመግዛት ተዋውሎ መክፈል ያቃተው ባሪያ ዐሊይ (ረ.ዐ) ጋ መጣ። ተራራ የሚያህል ዕዳ ቢኖርብህ አላህ የሚከፍልልህ ነቢዩ ያስተማሩኝን ቃል ላስተምርህ አሉት። አላሁመክፊኒ ቢሐላሊከ ዐን ሐራሚክ፣ ወአግኒኒ ቢፈድሊከ ዐመን ሲዋክ። በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃኝ፣ በችሮታህም ከሌላው ሁሉ አክብረኝ። ለቤቲንግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም።

የጠበበው · ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡30

ነገርኳት።

ሐሙስ ሌሊት ሁለቷን ረከዓ ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ የቁማሩን ነገር በአፌ ስናገር የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወረቀቱን ጻፍኩ። ማታ ሥራዋ ሲያልቅ ደወልኩ። ፎቶው የሰው ቦታ ነው አልኳት። ብሩ የለም፣ ቁማር በላው አልኳት። ተማሪ ነኝ፣ መዘርዘር ግዴታ አይደለም ብለኸኛል፣ ግን ጠየቀችኝ፣ እኔ ደግሞ ሰበብ መፍጠር አቃተኝ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ምን ሳልበላ እንዳጠራቀምኩት ታውቃለህ? አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም። ወረቀቱን ላክሁላት፣ አይታዋለች፣ አልመለሰችም።

አልቀለለኝም። ጋሼ እንዳሉት ነው። ግን የሌሊቱ ጭንቀት ዓይነቱ ተቀይሯል። ጉሮሮዬ ተከፍቷል። ዛሬ ቁርስ በላሁ።

ኡሙ_ሱመያ · ቅዳሜ፣ ሌሊት 6፡10

አትደውልባት አሁን። ተዋት። ተናዳ አይደለም የዘጋችው፤ ማዳም ፊት እንዳታለቅስ ነው። ቀን ሲወጣላት ትመልሳለች። ባትመልስም መክፈልህን እንዳታቆም።

ወንድሜ ደብተሩን ላከልኝ። ሙሉ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጡረተኛው · እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

አላህ ያጽናህ ልጄ። ለእሷም ዱዓ አድርግላት፣ ለራስህ ከምታደርገው በፊት።

የጠበበው · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

በአምስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት ላከች። አርባ ሰከንድ ነው። እማ እንዳትሰማ አለች፣ ደሟ ከፍ ይላል። ኮንትራቴን ሌላ ሁለት ዓመት አራዝሜያለሁ አለች። ይህን ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመቷን በእኔ ምክንያት። አውፍ ብዬሃለሁ አላለችም። በወር 9 ሺህ ብለህ ጽፈሃል፣ የመጀመሪያውን አያለሁ አለች።

ሞተሬን ልሸጥ ነው። ከሥራ በኋላ ዕቃ የማደርስባት ናት። ጓደኛዬ ዛሬ ሆስፒታል ወስዶኝ ነበር፣ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ነርሷ፣ አላህ ይስጥሽ።

የደሴ ልጅ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡45

አልሐምዱሊላህ። የዩኑስን ዱዓ ትቀጥላለህ? 40 ቀኑ ገና አልሞላም እኮ።

የጠበበው · ረቡዕ፣ ምሽት 3፡05

እላታለሁ። መቁጠሪያውን ግን ከስልኬ አጠፋሁት፣ ከነአፑ። አንዳንድ ሌሊት አንዴ ብዬ ኢኒ ኩንቱ ላይ ስደርስ ፎቶው ይመጣብኛልና እዚያው እቆማለሁ።

ሞተር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሁለቱም ቁልፍ አለ፣ የፊት ጎማው አዲስ ነው። ፍሬኑ ትንሽ ይጮኻል፤ ካሁኑ ልንገራችሁ።

አወያይ · ረቡዕ፣ ምሽት 3፡30

እዚህ ክር ላይ ሽያጭ አይፈቀድም፣ የግዢና ሽያጭ ክፍል አለ። ለዛሬ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉለት።

ዶሮ_ነጋዴ · ረቡዕ፣ ምሽት 3፡34

ጽፌልሃለሁ። ለፍሬኑ ብዬ ዋጋ አላወርድብህም።